የማርክዳውን ስሕተት አራሚ ለአማርኛ ጽሑፍ፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሥራ?

ማርክዳውን፣ ርዕስን፣ ዝርዝርንና ድምቀትን እንደ # እና * ባሉ ቀላል ምልክቶች የሚያሳይ አጻጻፍ፣ ሲሳሳት አይናገርም። የፕሮግራም ኮድ ቢሳሳት ኮምፓይለሩ ይቆምና መስመሩን ይጠቁማል፤ የማርክዳውን ፋይል ግን ምንም ቢበላሽ ይከፈታል፤ ወደ ድረ ገጽም ወደ ፒዲኤፍም ይቀየራል። በቢቸና ወይም በደጀን ለግብርና ባለሙያዎች በተዘጋጀ የጤፍ አዘራር መመሪያ ላይ ማዳበሪያ የሚጨመርበት ንዑስ ዝርዝር ከደረጃው ተነጥሎ ቢወጣ፣ ወይም ደረጃዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አንቀጽ ቢጠቀለሉ፣ ስሕተቱን መጀመሪያ የሚያየው አንባቢው ነው። ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) የሚሠሩት አራሚዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፦ ፋይሉን ያነባሉ፤ በስንተኛው መስመር የትኛው ደንብ እንደተጣሰ ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ያስተካክላሉ።

እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ግን በላቲን ፊደል የሚጻፍ ጽሑፍ ታስቦ ነው። በእኛ ፊደል ላይ አንዳንዱ ደንብ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ በአማርኛ ሰነድ የሚያዘጋጅ ቡድን መሣሪያ ሲመርጥ ስንት ደንብ አለው ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም። አማርኛ ላይ ምኑን አያይም የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይህ ነው። ሌላ የሚያስገድድ ነገር ከሌለ ማርክዳውንሊንት ሲኤልአይ 2ን ያዙ። ኮምፒውተሩ ላይ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም የሚያስኬደውን ኖድ ጄኤስ መጫን ካልተቻለና የፓይተን ቋንቋ ካለ ፓይማርክዳውን ይበቃል። ሰነዱ እርስ በርሱ በሊንክ የተሳሰረ የብዙ ፋይሎች ስብስብ ከሆነ ሪማርክ ሊንት ይሻላል። ኤምዲኤል ድረ ገጻቸውን በሩቢ ለሚሠሩ ብቻ ነው። ከእነዚህ የትኛውንም ብትመርጡ ለአማርኛው ቃል ቬል የተባለውን የአጻጻፍ አራሚ ጨምሩበት፤ ሥራው የተለየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ኤምዲኤል እና የማርክዳውንሊንት ቤተሰብ

ደንቦቹን በቁጥር መጥራት የተጀመረው በኤምዲኤል ነው። ማርክ ሃሪሰን በሩቢ ጻፈው፤ ኋላ ዴቪድ አንሰን ሐሳቡን ይዞ ማርክዳውንሊንትን በኖድ ጄኤስ ሠራ። ለዚህ ነው ኤምዲ 013፣ ኤምዲ 029 የሚሉት ቁጥሮች በሁለቱም ዘንድ በአብዛኛው አንድ ትርጉም ያላቸው።

ኤምዲኤል ስሕተት ያሳያል እንጂ አያስተካክልም። ፋይሉንም የሚያነበው ክራምዳውን በተባለው የሩቢ ማርክዳውን አንባቢ ነው። ሰነዱ በመጨረሻ የሚታየው ጊትሃብ ላይ ከሆነ አራሚው የሚያየውና አንባቢው የሚያየው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ጊትሃብ የሚከተለው ኮመንማርክ የተባለውን የማርክዳውን መለኪያ ሥርዓት ነውና። አማርኛ ላይ ደግሞ የራሱ እንቅፋት አለው። የሊኑክሱ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘው ኮድ) ካልሆነ ሩቢ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ሲደርስ «የማይታወቅ ባይት» ብሎ ይቆማል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በሚያውቀው በአስኪ ሊነበብ አይችልም። መፍትሔው ኤልሲ ኦል የተባለውን ተለዋዋጭ ወደ ሲ ዩቲኤፍ-8 ማዞር ነው። ሰርቨር ላይና ኮንቴነር ውስጥ ይህ በብዛት ያጋጥማል።

የኖዱ ቤተሰብ ሁለት የተርሚናል መሣሪያ አለው። አሮጌው ማርክዳውንሊንት ሲኤልአይ አማራጮቹን ከትእዛዙ ጋር ይቀበላል፤ የማይነኩ ፋይሎችንም ማርክዳውንሊንትኢግኖር ከተባለ ፋይል ያነባል። አዲሱ፣ ሲኤልአይ 2፣ ይህን ፋይል ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ነገሩን ሁሉ ከቅንብር ፋይሉ ይወስዳል፤ የሚዘለሉ ፋይሎች የሚጻፉትም ኢግኖርስ በሚለው ክፍል ነው። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የተሻገረ ቡድን ድንገት በሺህ የሚቆጠር ስሕተት ቢያይ መጀመሪያ ይህን ይፈትሽ፤ የኖድ ሞጁሎችን ፎልደር እያነበበ ሊሆን ይችላል። እኛ ሲኤልአይ 2ን የምናስቀድመው የቪኤስ ኮድ ማርክዳውንሊንት ማስፋፊያ የሚሠራው በእርሱ ስለሆነ ነው። ጸሐፊው በኤዲተሩ የሚያየው ቢጫ መስመርና ተርሚናሉ የሚያወጣው ዝርዝር ከአንድ የቅንብር ፋይል ይመነጫሉ፤ ክርክር የለም።

ሁለቱም ላይ አንድ ጸጥተኛ ወጥመድ አለ። በየፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ለመያዝ የሚጻፈው ባለ ሁለት ኮከብ አመልካች በጥቅስ ውስጥ ካልገባ የተርሚናሉ ትእዛዝ ተቀባይ ባሽ ራሱ ቀድሞ ይተረጉመዋል። በተለመደው ቅንብሩ ሁለቱን ኮከብ እንደ አንድ ስለሚቆጥር አንድ ደረጃ ብቻ ይወርዳል። ጥልቅ ያሉት ፋይሎች ሳይታዩ ያልፋሉ፤ ውጤቱም «ስሕተት የለም» ይላል። አመልካቹን ሁልጊዜ በድርብ ጥቅስ አስገቡ፤ ነጠላ ጥቅስ የዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ አይሠራም።

ፊክስን ከማዘዝ በፊት

ፊክስ የሚለው አማራጭ የተረፈ ስፔስን፣ የበዛ ባዶ መስመርንና የመሳሰለውን በአንድ ጊዜ ያጸዳል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ሰነዱን ያበላሻል።

አንደኛው ዝርዝር ውስጥ ያለ ዝርዝር ነው። በኮመንማርክ ከ«1.» ሥር የሚገባ ንዑስ ዝርዝር ከጽሑፉ መጀመሪያ ጋር መስተካከል አለበት። ይኸውም ለ«1.» 3 ስፔስ፣ ለ«10.» 4 ስፔስ ማለት ነው። ብዙ ሰው 2 ስፔስ ይሰጣል። ያን ጊዜ ንዑሱ ዝርዝር ከእናቱ ይለያል፤ ቀጥሎ ያለው «2.» ደግሞ አዲስ ዝርዝር ሆኖ ይጀምራል። አራሚው ታዲያ በኤምዲ 029 «1 ተጠብቆ 2 ተገኘ» ይላል። ይህን ያየ ሰው ቁጥሩን ለመቀየር ይቸኩላል፤ ጥፋቱ ግን ከቁጥሩ በላይ ያለው ስፔስ ነው። ፊክስ ከታዘዘ ኤምዲ 007 ንዑሱን ዝርዝር ወደ ግራ ጠርዝ ይጎትተዋል፤ ኤምዲ 032 ዙሪያውን ባዶ መስመር ያስገባል። ፋይሉ ያለ ስሕተት ያልፋል፤ ትርጉሙ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ የ029ና የ007 ማስጠንቀቂያዎች በእጅ ተስተካክለው ካለቁ በኋላ ነው ፊክስ የሚታዘዘው።

ሁለተኛው ግጥምና ቅኔ ነው። የዲማን ወይም የዋሸራን ቅኔ በማርክዳውን የሚሰበስብ ሰው ቤት በቤት ለመለየት በመስመሩ መጨረሻ 2 ስፔስ ያደርጋል። ኤምዲ 009 በትክክል 2 የሆነውን ይተዋል፤ 1 ወይም 3 ከሆነ ግን ጥፋት ነው ብሎ ሁሉንም ይሰርዛል። የጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ከዚያ በኋላ በአንድ መስመር ተያይዞ ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ስፔሱን ትታችሁ በቤቱ መጨረሻ የኋላ ስላሽ «\» ተጠቀሙ፤ በዓይን ይታያል፣ የትኛውም አራሚ አይሰርዘውም።

ፓይማርክዳውን

በፓይተን ጥቅል ጫኚ በፒፕ ይጫናል፤ የጥቅሉ ስም ፓይማርክዳውንኤልኤንቲ እንጂ ፓይማርክዳውን አይደለም። ለማየት ስካን፣ ለማስተካከል ፊክስ የሚሉ ንዑስ ትእዛዞች አሉት። አነባበቡ ለኮመንማርክ ጥብቅ ስለሆነ ውጤቱ የታመነ ነው። የኖዱ ደንብ ሁሉ ግን እዚያ አይገኝም፤ ከመወሰናችሁ በፊት ፕለጊንስ ሊስት ብላችሁ የምትፈልጉት ቁጥር መኖሩን እዩ።

ሁለት ነገር ያሰናክላል። በሦስት ሰረዝ ታጥሮ በፋይሉ አናት ላይ የሚቀመጠውን የመረጃ ክፍል፣ ማለትም ርዕስ፣ ቀንና ጸሐፊ የሚጻፍበትን፣ ፓይማርክዳውን ካልፈቀዳችሁለት አያውቀውም። እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚያነበው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የርዕስ ስሕተት ያዘንባል። ፍሮንት ማተር የተባለውን ማስፋፊያ በቅንብሩ ክፈቱለት። ማርክዳውንሊንት ይህን ክፍል ሳይነገረው ይዘላል፤ ኤምዲኤልም ለመዝለል የራሱ አማራጭ አለው። ሁለተኛው፣ ቅንብርን ከተርሚናል ሲሰጡት ቁጥር መሆኑን ለመግለጽ «$#»፣ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን ለመግለጽ «$!» ይጠይቃል። እነዚህ ለባሽም የራሳቸው ትርጉም አላቸው። በነጠላ ጥቅስ ካልታጠሩ 100 ብላችሁ የላካችሁት ለመሣሪያው 0100 ሆኖ ይደርሰዋል።

ሪማርክ ሊንት

ሪማርክ ማርክዳውንን ወደ ዛፍ ቀይሮ የሚሠራ ሰፊ ሥርዓት ነው፤ ሊንት አንዱ ክፍሉ ነው። ብቻውን ሲጫን ደንብ የለውም፤ ደንቦቹ በየጥቅሉ ይመጣሉ። ለጀማሪ ሪኮመንድድ የተባለው ስብስብ ይበቃል።

ከሌሎቹ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ቫሊዴት ሊንክስ የተባለው ተጨማሪ ነው። ማርክዳውንሊንት በኤምዲ 051 የሚያረጋግጠው በዚያው ፋይል ውስጥ ያለ ርዕስ ላይ የሚያደርስ ሊንክን ነው። ሪማርክ ግን ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ፋይል ርዕስ የሚሄደውንም ይከተላል። ይህ ለአማርኛ ትልቅ ነገር ነው። ርዕሱ «የመስኖ ሥራ» ከሆነ አድራሻው «#የመስኖ-ሥራ» ይሆናል፤ ፊደሎቹ እንዳሉ ይቀመጣሉ፣ ስፔሱ ሰረዝ ይሆናል፣ አራት ነጥብ ይጠፋል። ሊንኩ ላይ «#የመስኖ-ስራ» ብሎ የጻፈ ሰው አነባበቡ አንድ ስለሆነ ልዩነቱን አያየውም፤ ኮምፒውተሩ ግን ሥና ስን፣ ሐና ሀን፣ ጸና ፀን፣ ዐና አን የተለያዩ አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። ሊንኩ የትም አያደርስም። ሦስት አራት ሰው ተከፋፍሎ በሚጽፈው መመሪያ ላይ ይህ ስሕተት የማይቀር ነው፤ በዓይን መፈለጉም አድካሚ ነው።

ስትጠቀሙበት ሁለት ነገር አትርሱ። ፍሬይል የሚለውን አማራጭ ካልሰጣችሁት ማስጠንቀቂያ ቢያገኝም የመውጫ ቁጥሩ (ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚመልሰው) 0፣ ማለትም «ችግር የለም»፣ ነው፤ አውቶማቲክ ፍተሻ ላይ ካዋላችሁት ሁሉም ነገር ሁልጊዜ አረንጓዴ ይሆናል። ውጤቱን በፋይሉ ላይ እንዲጽፍ ካዘዛችሁት ደግሞ ስሕተቱን ብቻ አይነካም። ሙሉውን ፋይል በራሱ ስልት እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ የዝርዝር ምልክቱ ሳይቀር ይለወጣል፤ የፋይል ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ላይ ማን ምን እንደቀየረ ማወቅ ያስቸግራል። ለማረም ሌላ መሣሪያ፣ ለመፈተሽ ሪማርክ ብሎ መለየቱ ይመረጣል።

አማርኛ ላይ የሚዛነፉ ደንቦች

ኤምዲ 013 መስመር ከ80 ቁምፊ እንዳይበልጥ ያዛል። የሚቆጥረው ባይት ስላልሆነ ፊደላችን አይበደልም፤ ነገር ግን አንቀጽን በአንድ መስመር የሚጽፍ ሰው በየአንቀጹ ይከሰሳል። ሌላም አለ፦ ደንቡ ከ80ኛው ቁምፊ በኋላ ስፔስ ከሌለ መስመሩን ያልፈዋል፤ ረጅም ሊንክን ለማሳለፍ የተደረገ ነው። ቃላቱ በሁለት ነጥብ «፡» ብቻ የተለዩበት የግእዝ ጽሑፍ ስፔስ ስለሌለው ምንም ያህል ቢረዝም አይነካም። አንድ ፎልደር ውስጥ የአማርኛው ፋይል በስሕተት ሲሞላ የግእዙ ንጹሕ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው። ይህን ደንብ አጥፉት፤ በምትኩ በየአራት ነጥቡ መስመር መቁረጥን ልመዱ። ጊት ላይ የተለወጠው ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይታያል።

ኤምዲ 026 ርዕስ በሥርዓተ ነጥብ እንዳያልቅ ይከለክላል፤ የሚያውቃቸው ግን የላቲኑንና የምሥራቅ እስያን ምልክቶች ነው። ፐንክቹዌሽን በሚለው ቅንብር «።፣፤፥፦» ጨምሩበት። አራት ነጥብን በሁለት ኮለን «::» የሚተካ ጸሐፊ ርዕሱ ላይ በዚሁ ደንብ ይያዛል፤ አንቀጽ ውስጥ ሲሆን ግን ማንም አይይዘውም።

ኤምዲ 024 ተመሳሳይ ርዕስን ይቃወማል። በየምዕራፉ «መግቢያ» እና «ማሳሰቢያ» ላለበት ሰነድ ሲብሊንግስ ኦንሊ የሚለውን ወደ እውነት አዙሩት፤ በአንድ እናት ርዕስ ሥር ሲደገም ብቻ ይናገራል። ኤምዲ 044 የስሞችን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሚመለከት ለአማርኛ ምንም አይሠራም፤ ተዉት።

ማንም የማያያቸው

የሚከተሉት ሦስት ጥፋቶች በአማርኛ ሰነድ ላይ እጅግ የተለመዱ ናቸው፤ ከተጠቀሱት መዋቅር አራሚዎች አንዱም አይጠቁማቸውም። ኮመንማርክ እነዚህን እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚያነብ አራሚው የተበላሸ ነገር መኖሩን አያውቅም።

የመጀመሪያው ማድመቂያ ነው። `**ማሳሰቢያ፦**ጤፍ` ብሎ የተጻፈ አይደምቅም፤ ኮከቦቹ እንዳሉ ይታያሉ። መዝጊያው ኮከብ ከፊቱ ሥርዓተ ነጥብ፣ ከኋላው ፊደል ካለ መዝጊያ መሆኑ አይታወቅም። ከኋላው ስፔስ ሲሆን ይሠራል። ቅጥያ ሲጨመርም እንዲሁ ነው፦ `**«ጤፍ»**ን` አይሠራም፤ ጥቅሱ ወደ ውጭ ወጥቶ `«**ጤፍ**»ን` ሲሆን ይሠራል። አንደርስኮር ደግሞ ከፊቱ የ፣ በ፣ ለ ካለ ጭራሽ አይከፍትም፤ ቅድመ ቅጥያ የበዛበት ቋንቋ በኮከብ ብቻ ይጻፍ። ኤምዲ 049ንና 050ን አስተሪስክ ላይ አድርጉ፤ ቢያንስ ወጥነቱን ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው በግእዝ ቁጥር ወይም በፊደል የሚጀምር ዝርዝር ነው። «፩.»፣ «ሀ.»፣ «1፤» በማርክዳውን ዝርዝር አይሆኑም፤ የዝርዝር ቁጥር ከ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞች ተጽፎ በነጥብ ወይም በ«)» መዘጋት አለበት። ያለዚያ ደረጃዎቹ ሁሉ ተያይዘው አንድ አንቀጽ ይሆናሉ።

ሦስተኛው የአጻጻፍ ወጥነት ነው፤ ጎጃምና ጐጃም፣ ባሕር ዳርና ባህር ዳር በአንድ ሰነድ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግሬፕ የተባለው የተርሚናል ጽሑፍ ፈላጊ ይበቃል። ከፒ (`-P`) አማራጭ ጋር የሚከተሉትን በነጠላ ጥቅስ አስገብታችሁ ፈልጉ፦

`[።፣፤፥፦»]\*\*[ሀ-ፚ]`

`[ሀ-ፚ]\*\*«`

`^ *(([፩-፼]+|[ሀ-ፚ])[.፤)]|[0-9]+፤)`

የመጀመሪያው ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ስፔስ ሳይኖር የተከፈተ ማድመቂያንም ያመጣል፤ እርሱም ቢሆን መታረም ያለበት ነው።

ለሦስተኛው ቬል ነው። በአንድ ፋይል የሚሠራ የጎ ፕሮግራም ስለሆነ ሌላ ነገር ማስጫን አይጠይቅም። ሰብስቲቲዩሽን የተባለ ደንብ በያምል የቅንብር ፋይል ትጽፉለታላችሁ፤ በግራ የማይፈለገው፣ በቀኝ የሚፈለገው፦ ጐጃምን በጎጃም፣ «::»ን በ«።»። ኖንወርድ የሚለውን ወደ እውነት አዙሩት። ያለዚያ ቬል በቃሉ ዙሪያ የቃል ወሰን ስለሚፈልግ «በጐጃም» እና «የጐጃምን» ያመልጡታል፤ «::» ደግሞ ቃል ስላልሆነ አይያዝም። ቬል የመውጫ ቁጥሩን 1 የሚያደርገው ኤረር ለተባለ ደረጃ ብቻ ነውና ደንቡ በእርግጥ እንዲያስቆም ከፈለጋችሁ ደረጃውን በዚያ ጻፉ።

በኢንተርኔት ጥቅል ለሚሠራ ሰው

ሁሉም ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ልዩነቱ አጫጫን ላይ ነው። የኖዱ ማስኬጃ ትእዛዝ ኤንፒኤክስ መሣሪያው በኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ ከመረብ ያወርደዋል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ፍተሻውም ይቆማል። ሲኤልአይ 2ን አንድ ጊዜ በፕሮጀክቱ ውስጥ ጫኑት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፖሊ ወይም በፔዳ ግቢ የተጫነውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ለመውሰድ የኖድ ሞጁሎችን ፎልደር በፍላሽ መገልበጥ ይቻላል፤ መሣሪያው ንጹሕ ጃቫስክሪፕት ነው። ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኖድ አሮጌ ከሆነ ግን ገና ሲነሣ የሰዋስው ስሕተት ብሎ ይወድቃል፤ ከአሮጌ ኡቡንቱ ጋር የሚመጣው ኖድ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ለፓይማርክዳውን ፒፕ ዳውንሎድ ጥቅሉን ከነጥገኞቹ ወደ አንድ ፎልደር ያወርዳል፤ በሌላው ኮምፒውተር ኖ ኢንዴክስና ፋይንድ ሊንክስ በሚሉት አማራጮች ከዚያ ፎልደር ይጫናል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች የፓይተን ስሪታቸው አንድ ቢሆን ይመረጣል። ቬል አንድ ፋይል መገልበጥ ብቻ ነው።

ጽሑፉ በፓወር ግእዝ ወይም በቪዥዋል ግእዝ የተተየበ አሮጌ ሰነድ ከሆነ ከሁሉ በፊት ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፤ አራሚው ያንን የሚያየው እንደ ተበታተነ የላቲን ፊደል ነው።

ፍተሻውን የጊት ፕሪኮሚት ሁክ (ለውጥ ከመመዝገቡ በፊት ራሱ የሚሠራ ስክሪፕት) ውስጥ አስገቡት፤ ኔትወርክ አይፈልግም፣ የተሳሳተ ፋይል ገና ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ ይያዛል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ግሬፕ፣ ቀጥሎ ሲኤልአይ 2 ያለ ፊክስ፣ መጨረሻ ቬል ይሁን። ግሬፕ ላይ የመውጫ ቁጥሩን ገልብጡት፦ የተፈለገውን ሲያገኝ 0፣ ሲያጣ 1 ስለሚመልስ፣ ሳይገለበጥ የገባ ሁክ ንጹሑን ፋይል ከልክሎ የተበላሸውን ያሳልፋል።